ልጃችን አፉን ከተመታ ወዲህ

ይድረስ ለአንጓች፣ ካለሽበት፤

ሰባ ስድስት ዓመት ሞላኝ። በቅሎዬን ያለ ደጋፊ እወጣታለሁ። ከማለዳ እስከ ቀትር አርሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጀርባዬ አይታዘዘኝም። እንጨቴን እኔው እፈልጣለሁ። ወጥ መሥራትም ተምሬያለሁ፣ እንዳትስቂ፤ ሽሮው ይጓጉላል እንጂ ይበላል። ይህንንም ወረቀት ጸሐፊ ሳልለምን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው፤ የኔታ ዘንድ የቆጠርኳት ፊደል አልከዳችኝም። ከተለየሽኝ አራተኛው ክረምት ገባ። መቃብርሽ ላይ ቆሜ ብዙ ነግሬሻለሁ። ይህን ግን እዚያ ለመናገር አልደፈርኩም፣ ወንድምሽ አላምረው አጠገብሽ ተኝቷልና።

የቤቱን ነገር ላስቀድም። ቀዩ በሬ ሞተ። ባሕር ዛፉ ቤቱን በቁመት አለፈው። ጣራችን ቆርቆሮ ሆኗል፤ ያሠራው አንለይ ነው። አዎ፣ ያው ልጅሽ፤ አዝማሪ ሆኖ ስሜን ያጠፋል ብዬ በጅራፍ የገረፍኩት።

ያን ዕለት አትረሺውም። ደብረ ማርቆስ እንግዳ ሊቀበል የመጣ የወታደር ሙዚቃ ሲነፋ አይቶ መጣና እኔም እነፋለሁ አለ። ርስት ያለው ሰው ልጅ በሰው ደጅ አይነፋም አልኩት። ደሙ እስኪወጣ ገረፍኩት፤ አንቺ መሃል ገብተሽ አንዱ ጅራፍ አንገትሽ ላይ አረፈ። በማግስቱ ጠፋ። በሶ ቋጥረሽ የሸኘሽው አንቺ መሆንሽን ያወቅሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አብረን ሰምተናል። ጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ገባ። መጀመሪያ የሌላውን ዕቃ ሲወለውል ከረመ፤ ከዚያ ክላርኔት ሰጡት፤ ከዚያ ያንን አንገቱ የተቆለመመ ሳክስፎን የሚሉትን። ጧት ለሰልፍ ማርሽ ይነፋል። ከሰዓት በኋላ ቴያትር ቤት ከዘፋኞች ኋላ ተቀምጦ አምባሰሉንም ትዝታውንም ያጅባል። ሲመሽ ደግሞ ሆቴል ሄዶ ለፈረንጆቹ ጃዝ የሚሉትን ይጫወታል። ጃዝ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ዜማውን ይዘው ይነሣሉ፣ መንገዱን ግን እየሄዱ ነው የሚፈልጉት አለኝ። ይህማ የሰነፍ ሥራ ነው አልኩት።

ለሕክምና አዲስ አበባ የወሰድኩሽ ጊዜ ሆቴሉ ድረስ ይዞን ሄደ። ዘበኛው ጋቢዬን አይቶ «አባት፣ ለማኝ እዚህ አይቆምም» ቢለኝ ዱላዬን አነሣሁ፤ አንቺ ባትይዢኝ አናቱን ለሁለት እከፍለው ነበር። በጓሮ በኩል ገብተን ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ቆመን ሰማን። መሃል ላይ አንለይ በሳክስፎኑ አንድ ድምፅ አወጣ፣ አንቺም ክንዴን ጨምድደሽ ያዝሽ። የአላምረው ሬሳ በወሳንሳ የመጣ ቀን ያወጣሽው ጩኸት ነበር። ልጁ ከቤት ከመጥፋቱ በፊት የሰማውን ያን ሁሉ ዘመን ተሸክሞት ኖሯል። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ወንድምሽን በወሰን ጠብ በጥይት የጣለው ቢያድግልኝ ደሙን ከታረቀ፣ ካሣውንም ከከፈለ ቆይቷል። ዕርቁ በጋብቻ እንዲታሰር ያንቺም ምኞት ስለ ነበር፣ አላምረው ሲሞት ማኅፀን የነበረችውን ልጁን የሺን ለቢያድግልኝ ልጅ ሰጠናት። ሠርጉ በጥር ወር አምበር ከተማ ተደገሰ፤ አንለይም ከአዲስ አበባ መጣ። በደም ዕርቅ ሠርግ ላይ ሽለላና ፉከራ እንደማይሰማ ታውቂያለሽ፤ ፎካሪ የገደለውን ሳይጠራ አይቀመጥምና። አገር ሁሉ የሚያውቀው ነው። ልጃችን ግን በጉርምስናው ወጥቶ ካምፕ ያደገ ነው፤ ከመድረክ በቀር ሠርግ አያውቅም።

ዳሱን አስጨፈረው። የሙሽራ ዘፈን ነፋ፣ እስክስታ መቺው ትከሻው እስኪወልቅ። የፈረንጅ ዳንስ ነፋ፣ ቄሶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ያኔ ቢያድግልኝ ጠጁ አናቱ ላይ ወጥቶ «አንተ አዝማሪ! የሴት ዘፈን ብቻ ነው እንዴ ያስተማሩህ? ወንድ የሚያስነሣ የለህም?» አለው። አዝማሪ ሲባል የልጁ ዓይን ደም መሰለ። ያ ቁጣ ከማን እንደ ወረደ አንቺ ታውቂያለሽ። ሳክስፎኑን አቀናና ሽለላውን ለቀቀው።

አንጓች፣ እንዲያ ያለ ሽለላ ከሰው ጉሮሮም ሰምቼ አላውቅም። ፀጉሬ ቆመ። ሽማግሌዎቹ «ተው! ኧረ ተው!» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ቢያድግልኝ ጠመንጃውን ከምሰሶው አወረደና ዘሎ መሃል ገባ።

«ዘራፍ! ዘራፍ የወሰኑ ጌታ! አላምረውን በአፉ የደፋሁት እኔ!»

የሟቹ ልጅ በሙሽራ ልብሷ እዚያው ተቀምጣለች። አንለይ ሳክስፎኑን ካፉ ነጠቀና በሁለት እጁ ይዞ ቢያድግልኝ ግንባር ላይ አወረደው። ነሐሱ ተጣመመ። ደሙ በነጭ ኩታው ወረደ። ሰውየው ግን አልወደቀም፤ በሰደፉ የልጃችንን አፍ መታው። የላይ ጥርሶቹ ቄጠማው ላይ ሲበተኑ አየሁ። ከመቀመጫዬ እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም፤ በሽመሌ የቢያድግልኝን ክንድ መታሁት፣ አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ከወዲህ ተኮሱ፣ ከወዲያ ተኮሱ። ጋኑ ፈንድቶ ጠላው ከደሙ ጋር ፈሰሰ። ነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ከፍ አድርገው መሃል ቢገቡ መስቀሉ ከእጃቸው ተመቶ ወደቀ። ረገጥነው፤ እኔም ረግጬዋለሁ። እግዚአብሔር ነው ያተረፈን፣ ማንም አልሞተም። የሺን ዘመዶቿ ሊያስወጧት ቢጎትቷት «ባሌ ምን አጠፋ?» ብላ ምሰሶውን አቀፈች። ባሏም ያባቱን ጠመንጃ ነጥቆ ገደል ሰደደው።

አንለይ እስከ ግንቦት ቤቴ ተኛ። አጥሚት በመቃ እየመጠጠ ነበር የሚውል። ዘመዶችሽ እየተመላለሱ «ጠመንጃህ ዛገ እንዴ?» ይሉኛል። አልዛገም። ወልውዬ የገበያ ቀን ቢያድግልኝ ወንዙን የሚሻገርበት ቦታ ግራር ሥር አደፈጥኩ። መጣ፤ የተሰበረውን ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በደህናው እጁ አህያውን እየነዳ። ደረቱ ላይ አነጣጠርኩ።

ከኋላዬ ተከትሎኝ ኖሮ አንለይ በዚያ ባልዳነ አፉ ተናገረ። «ይተኩሱ አባባ፣ ይተኩሱ። እርስዎ እሱን፣ ልጁ እኔን፤ የሺ በሁለት በኩል ታልቅስ። እኔ ግን የእማዬን ጩኸት ነፍቼ አልጠገብኩም መሰልዎ? ሌላ ሊጨምሩልኝ ነው?»

አፈሙዙን ወደ መሬት አደረግሁ። ቢያድግልኝ ምንም ሳያይ ተሻግሮ ሄደ። እስከ ቤታችን ድረስ ልጅሽን ስሰድበው መጣሁ።

በማግስቱ የተጣመመውን ሳክስፎን ይዞ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄደ። የላይ ጥርስ ስለሌለው እንደ ድሮው ሊነክሰው አልቻለም። ከንፈሩን ወደ ውስጥ አጥፎ በከንፈሩ ብቻ ይይዘው ጀመር። ከንፈሩ ይላጣል፣ አፉ ደም ይሞላል፣ ይተፋዋል፣ እንደገና ይነፋል። አህያ የታነቀች ይመስላል አልኩት። ሳቀ፤ ከሠርጉ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሲሻለው ወደ ሥራው ተመለሰ። ይቀበሉት አይቀበሉት ሳላውቅ ከረምኩ።

በቀደም ሉማሜ ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ራዲዮኑ ስሙን ጠራ። የሳክስፎኑ ድምፅ እንደ ድሮው የጠራ አይደለም። ሻክሯል፣ ትንፋሽ ያመልጠዋል፤ ግን ሰው ውስጥ ገብቶ ይቧጥጣል። ማርሹም፣ ትዝታውም፣ ያ መንገዱን እየሄዱ የሚፈልጉት ነገርም ባንድ ላይ አለበት። አጠገቤ የነበረ ሾፌር «ሰውየው ያመዋል እንዴ?» ቢል «ዝም ብለህ ስማ፣ አንተ ደደብ! ልጄ ነው» አልኩት። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

አንጓች፣ ዓይኔ እስኪከደን አልረሳሽም፤ ሰው ቢረሳሽ እኔ በስምሽ እጠራሻለሁ። አጠገብሽ ከመምጣቴ በፊት ግን ያለብኝን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ። ዘመድ ይክፈልልህ፣ ሽማግሌ ይሂድልህ ይሉኛል፤ እምቢ ብያለሁ። የረገጥኩትን መስቀል ነፍስ አባታችን ዘንድ ሄጄ እስመዋለሁ፤ ስግደቱንም ጉልበቴ ቢሰነጠቅ እኔው እሰግደዋለሁ። ለአንለይ፣ አኮራኸኝ የሚል ቃል አለብኝ። በሰው አልልክበትም፤ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄጄ ፊት ለፊቱ ቆሜ እለዋለሁ። የቢያድግልኝን ክንድ የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ድንጋይ ተሸክሜ ደጁ ላይ የምወድቀውም እኔ ነኝ። የልጄን ጥርስና የወንድምሽን ስም እሱ ይካሥ አይካሥ የራሱ ነገር ነው። ድንጋዩን መርጬ ደጄ አስቀምጫለሁ፤ ቀላል ተሸከመ እንዳይሉኝ ትልቁን ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንገቴ ላይ አድርጌ እሄዳለሁ። ቢስቅብኝ ግን፣ ከአሁኑ ልንገርሽ፣ ወዴት እንደምወረውረው አውቃለሁ።