ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ስላለችው የፎርም መሙያ ክፍል የሰጠሁት የኑዛዜ ቃል

ሐሙስ ሰኔ 12 ቀን፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የኮሌጅ ምርጫ ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው፣ እኔ ለሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱ ሬከርድ ክፍል ሠራተኛ የነበርኩት፣ ተማሪዎች «እማማ ፎርም» የሚሉኝ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ጸሐፊው የሒሳብ መምህሩ ነው፤ ያልኩትን እንዳለ ይጻፍ እንጂ አያሳምርብኝ።

ክፍሏ የግሌ ናት፤ አትሸጥም፣ ለስልክ መሸጫም አትከራይም። ታናሽ ወንድሜ ደላላው «እታለም፣ ቦታዋ እኮ ወርቅ ናት!» እያለ ሰባት ጊዜ ተመላልሷል። ስምንተኛው ከቀብሬ ማግስት እንደሚሆን ስለማውቅ አሁኑኑ በምስክር ፊት እምቢ ብዬዋለሁ። አኩርፎ እንዳይቀር የአባታችን ካፖርት ለእሱ ይሁን፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ጥሎበታል።

ተማሪዎች የኮሌጅ ፎርምና የሥራ ማመልከቻ በዚያችው ክፍል ይሙሉ። የት እንደሚያድር፣ በስንት ታክሲ እንደሚመላለስ፣ ሲመረቅ ማን እንደሚቀጥረው ያልጠየቀ ልጅ እስክሪብቶ አይሰጠው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ኮሌጅ ያልመጣለትም አንገቱን ደፍቶ አይሂድ፤ የጋራዦችና የማተሚያ ቤቶች ስልክ ያለበትን ደብተሬን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጥቻለሁ። የትኛው ቀጣሪ ሰው እንደሚፈልግ ከሁላችንም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።

ወላጅ ግን ከበሩ አይለፍ። ለምን ብትሉ፣ አንዲት ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ፎርሟን የሞላሁት እኔ ነኝ። ስንቱን ልጅ «ራስህ ሙላ» ስል የኖርኩ ሴት፣ የራሴ ልጅ ስትደርስ እጄ ቀደመ። እንጨት ሥራ ያለችውን ትቼ አካውንቲንግ ጻፍኩ፤ ወይ ጉድ፣ ፊርማዋን ሳይቀር እኔው ፈረምኩላት! ሁለት ዓመት ታግላ ጥላው ወጣች። ዛሬ ደንበኛ ወረፋ የሚጠብቃት አናጢ ናት፤ እኔ ግን ተሳስቻለሁ ብያት አላውቅም። ልጄ፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። «እማዬ፣ በቃ ተይው» ትላለች እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ፤ አልተውም። መምህር፣ ይህንንም ጻፈው።

አሁን የቀረው የክፍሏ ወራሽ ነው። ልጄ ብትይዛት ደስታዬ ነው፤ እምቢ ካለች ክፍሏ በደላላው እጅ መግባቷ አይቀርም፣ የሚመጡት ልጆችም የሚጠጉበት የላቸውም። ቢሆንም የወራሹ መስመር ባዶ እንዲተው አድርጌያለሁ። አልለምናትም። ዋሸሁ፣ በዓይኔ እየለመንኳት ነው። መምህር፣ ወረቀቱን ለእሷ አቀብላት።

በልጄ እጅ የተጻፈ፦ ክፍሏን ተቀብያለሁ። ግማሹ የፎርም መሙያ ይሆናል፤ ግማሹን የእንጨት ሥራ ማስተማሪያ አደርገዋለሁ። እማዬ፣ አካውንቲንጉ ዋጋ ለማውጣት ጠቅሞኛል፤ ግን በዚህ እንዳትኮሪብኝ።

ምስክሮች፦ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ጸሐፊው መምህር። ሦስቱም ሰምተው ፈርመዋል።

ተናዛዥ፦ «ግማሹን» የሚለው ሲነበብልኝ ደንግጫለሁ። ቢሆንም ምርጫው የእሷ ነውና አንድ ቃል ሳላስለውጥ ፈርሜያለሁ።