አባቴ የጠፉበት ውብ ጎዳና

ለተከበሩ የሐይቅ ዳርቻ ልማትና ማስዋብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ በሥርዎም ደፋ ቀና ለሚሉት ባለሙያዎች ሁሉ እንደ አዲሱ ጎዳናችን የተስተካከለ ጤና፣ እንደ መብራት ምሰሶዎቹም ቀጥ ያለ ወገብ እመኛለሁ። እኔ ወደ ሐይቁ በሚወርደው አዲስ ጎዳና ላይ፣ ከፈረሳው በተረፈችው ባለ አረንጓዴ በር ቤት የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴ የተረፈችው በእኔ ብልሃት ሳይሆን የመሐንዲሶችዎ ገመድ ግድግዳዋን ታክኮ በማለፉ ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንደ ከሳሽ ሳይሆን ውለታ እንዳለባት ሴት ነው። ምስጋናዬ ብዙ በመሆኑ እንዳይደበላለቅብዎ በቁጥር ለይቼዋለሁ። አንዳንዱ ረዘም ቢልብዎ የሙያዬ ልማድ ነውና ይታገሡኝ፤ ክር ሳልቋጥር መበጠስ አልወድም።

፩. በመጀመሪያ ስለ ውበቱ አመሰግናለሁ። የድሮው መንገዳችን ጠባብ ነበር፤ በክረምት ጭቃው ጫማን ከእግር ላይ ይነጥቃል፣ በበጋ አቧራው የሰፋሁትን ነጭ ቀሚስ ገና ሳይለበስ ያሳድፈዋል። ጭቃው ናፈቀኝ ብዬ አልዋሽም። አሁን ድንጋዩ የተወለወለ፣ ሣሩ የተከረከመ፣ ዘንባባው በሰልፍ የቆመ ሆኗል። እንዲህ ያለ ሥራ ለሠራ ሰው እጅዎ ይባረክ ማለት ወግ ነው፤ ስለዚህ እጅዎ ይባረክ።

፪. ሁለተኛው ምስጋና ሳይሆን ትውውቅ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በአባቴ በኩል የሚያልፍ ነውና እሳቸውን ላስተዋውቅዎ። አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚህ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ‘ካፒቴን’ ይላቸዋል። ዓይናቸው ቀስ በቀስ ደክሞ በመጨረሻ ጨለመ፤ ሆኖም ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን ወደ ሐይቁ መውረዳቸውን አልተዉም ነበር። ጀልባ ነጂዎች የሚሰበሰቡበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ ነፋሱ ሲከራከሩ ይቆዩና ለምሳ ይመለሳሉ። መንገዱን በምን ያውቁታል ቢሉኝ፣ ከደጃችን ወጥተው ሲታጠፉ የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሙቀት ጉንጫቸውን ይነካቸዋል፤ ከዚያ ‘ብልጭታ’ የምንለው ብረት ሠሪ ጎረቤታችን መዶሻውን ሲያሰማ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ መዶሻው ወደ ኋላ ሲቀር ዓሣ የሚያጸዱት ሴቶች ሽታ ይቀበላቸዋል፤ ከሽታው ቀጥሎ ውሃው ነው። በየመንገዱም ሰው አለ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ድምፃቸውን ለመስማት ብላ ብቻ ዛሬ ማዕበል ይኖራል ወይ ብላ ትጠይቃቸዋለች፤ እሳቸውም ፀሐዩ እንደ እሳት በሚፋጅበት ቀን እንኳን በኩራት፣ ከሰዓት በኋላ ይነሣል ይሏታል። ተነሥቶ አያውቅም፤ እሷም መጠየቋን አልተወችም።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ፍጥነታችሁ ነው። በአንድ ወቅት በየግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ የዳቦ ቤቱ ምድጃ፣ የብልጭታ ብየዳ ቤትና የዓሣ ማጽጃው መደብ ፈርሰው ባለቤቶቻቸው ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ተዛወሩ። ከዚያ በፊት ግን ጽሕፈት ቤትዎ ሕዝብ ማማከሩ አይዘነጋም። በስብሰባው ላይ የተላኩት ባለሙያ፣ ጭስ፣ ጫጫታና ሽታ ከእንግዳ መቀበያ ጎዳና ጋር እንደማይሄዱ በትዕግሥት አስረዱን። አባቴም እጃቸውን አውጥተው ቆሙና፣ “ልጄ፣ ጭሱም ድምፁም ሽታውም ከሄደ እኔ በምን እሄዳለሁ?” ሲሉ ጠየቁ። ሰው ሳቀ፤ ባለሙያው ግን አልሳቁም። ለዚህ ልባዊ ምስጋና አለኝ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስላቅ የሌለበት ብቸኛው ምስጋና እሱ ነው። ለማየት ለተሳናቸው የሚሆን፣ እግር የሚያነብበው እብጥ እብጥ ያለ ቢጫ ንጣፍ በፕላኑ ውስጥ መኖሩን ነገሯቸው። አባቴ በደስታ ቤት ገብተው እራት ሁለቴ አስጨመሩ።

፬. ቢጫው ንጣፍም፣ ቃልዎ ቃል ነውና፣ በእርግጥ ተነጠፈ። ጎዳናው ሊመረቅ ሲቃረብ አባቴን ክንዳቸውን ይዤ አለማመድኳቸው። እግራቸውን እንደ ሕፃን ቀስ እያደረጉ ያስቀድሙና እብጠቱን ሲያገኙት ፊታቸው ይፈታል። ያን ጊዜ ወደ ውሃው በኩል ያለው ጫፍ በቆርቆሮ ታጥሮ ስለነበር ቆርቆሮውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው እንመለስ ነበር። እኔም ከቆርቆሮው ወዲያ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም፤ መንግሥት ያነጠፈው መንገድ ወደ አንድ ቦታ ያደርሳል ብዬ አምን ነበር።

ለካስ የሚያደርሰው ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ነው። መሳፈሪያው ደግሞ በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው የሚሠራው። ለምረቃው ቀን ቆርቆሮው ሲነሣ ቢጫው ንጣፍ እየመራ፣ እየመራ፣ እየመራ ሄዶ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ያበቃል። ከጠርዙ በታች ሐይቅ ነው። አጥር የለም።

፭. አምስተኛው ስለ ምረቃው ማግስት ነው። ሪባኑ ተቆርጦ፣ ወንበሩ ተነሥቶ፣ እንግዳው ሁሉ በሄደበት ማግስት አባቴ የክት ኮታቸውን ለብሰው ብቻቸውን ወጡ። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። ኮቱን ራሴ የሰፋሁት ስለሆነ ከትከሻቸው ላይ ክር አንሥቼ ሸኘኋቸው። አሁን ሳስበው ያ መንገድ ጸጥ ያለ ነበር፤ ወዴት ነው፣ ቁሙ የሚል ጎረቤት አንድም አልቀረም።

አባቴ ቢጫውን ንጣፍ ተከትለው፣ አንድም ሳይስቱ፣ ውሃ ውስጥ ገቡ።

የጥበቃ ሠራተኛዎ ሣር ላይ የተቀመጡ ሰዎችን ሲያስነሣ ነበርና አይቶ ፊሽካውን ነፋ፤ ዋና እንደማይችል ኋላ በሐዘን ነግሮኛል። እግዜር ሲያድል በዚያው ሰዓት ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ወርደው ነበር። አባቴ የውሃ ልጅ ናቸው፤ አልሰጠሙም። ይዋኙ ነበር። ነገር ግን ወደ ውስጥ ነበር የሚዋኙት። ሙሽራው ከጠርዙ ላይ ሆኖ ወደዚህ፣ ወደዚህ እያለ ቢጮህ ፊሽካው ድምፁን ዋጠበት፤ በመጨረሻ ሙሉ ልብሱን እንደ ለበሰ ዘለለና ደረሰባቸው። ሙሽሪት ሻሿን አውልቃ ጠቀለለቻቸው። ሁለቱ ደግፈው ሲያመጡልኝ ከሦስቱም ላይ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ሄዱ፤ የማንን ሠርግ እንዳበላሸን እስካሁን አላውቅም።

አባቴን አገላብጬ አደረቅኳቸው።  ደረቅ ልብስ ሳለብሳቸው፣ “ዋና አልረሳሁም። የብሱ በየት በኩል እንደሆነ ነው የጠፋኝ” አሉኝ።

የጥበቃ ሠራተኛዎም ተከትሎ መጥቶ በዚያ ቦታ መዋኘት ክልክል መሆኑን፣ ለዕድሜያቸው ሲባል ግን እንደታለፈላቸው አሳወቀን። ስለ ምሕረታችሁ እናመሰግናለን።

፮. ስድስተኛው ምስጋና ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ስለተደረገልኝ አቀባበል ነው። ወንበር ተሰጠኝ፣ ውሃም ቀረበልኝ፤ ለጊዜው ውሃ አላሰኘኝም ነበር። ጉዳዬን የሰሙት ወጣት ሹም፣ አጥር ያልተደረገው የሐይቁን ዕይታ እንዳይጋርድ መሆኑን ገለጹልኝ። ለማያዩ ሰው ዕይታ ምን እንደሚያደርግላቸው ብጠይቅ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “እሜቴ፣ ንጣፉ እኮ ልክ ነው፤ የዘገየው መሳፈሪያው ነው” አሉኝ። መንገዱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳቱት ቀድመው የደረሱት አባቴ ናቸው ማለት ነው። በማግስቱ ጠርዙ ላይ ቀይና ነጭ የፕላስቲክ ሪባን ተወጠረ። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ዓይን ያለው ሁሉ ከሩቅ ያየዋል። ሳምንቱ ሳያልቅ ነፋስ ወሰደው።

፯. አባቴ ከዚያ ወዲህ ከቤት መውጣት ተዉ። ፊታቸውን ከደጁ አዙረው ይቀመጣሉ። ጢማቸውን አይላጩም፤ ምግብ ሳቀርብ ቆይ ይሉኛል፣ ቆይቼ ስመለስ እንዳለ ነው። አንዳንዴ የስፌት መኪናውን አቁሚልኝ ይሉና ጆሯቸውን ወደ ውጭ ቀና ያደርጋሉ፤ ቆይተው፣ ቀጥይ ይሉኛል። ምን ሊሰሙ እንደፈለጉ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። በሽታ ቢሆን ሐኪም ቤት እወስዳቸው ነበር። እኔም ሌሊት ተነሥቼ የማለቅስ ሴት አይደለሁም፤ በሥራዬ መካከል፣ የሰው ኮሌታ እየሰፋሁ፣ ጨርቁ ላይ እያንጠባጠብኩ አለቀስኩ።

አንድ ቀን ብልጭታ ሊጠይቃቸው መጣ። ከኮረብታው ጀርባ እስካሁን መንገድም ቧንቧም አለመግባቱን፣ ጭቃው ጉልበት እንደሚደርስ፣ ጣሪያው ሁሉ ቆርቆሮ መሆኑን እየተማረረ ነገራቸው። አባቴ የጠየቁት ማን ከማን አጠገብ እንደሰፈረ ብቻ ነበር። ዳቦ ቤቱ ከብየዳው ቤት ቀጥሎ እንደሆነ ሲሰሙ ተነሥተው ኮታቸውን ፈለጉ።

ለመንኳቸው፤ ተቆጣሁም። ሐይቁን ትተው እንዴት ይሄዳሉ፣ እኔንስ ለማን ይተዉኛል አልኩ። አባቴ እጄን ፈልገው ያዙና፣ “ሐይቁን ጠግቤዋለሁ፤ ሰው ግን ገና አልጠገብኩም” አሉኝ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ገቡ።

እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። በመጀመሪያው እሁድ ስደርስ ክፍሏ ውስጥ አጣኋቸው። ወጥቼ ብፈልግ ጭቃው ውስጥ ብቻቸውን፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ከምድጃው ግድግዳ ወደ መዶሻው ድምፅ ሲራመዱ አገኘኋቸው። ሊወድቁ ሲሉ ሦስት በር በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ካፒቴን፣ ወደ ግራ፣ ካፒቴን፣ ጉድጓድ አለ ይሏቸዋል። ጢማቸው ተላጭቷል። ስለ ነፋሱ ሲጠይቁኝ ብቻ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ እኔም ሐይቁ ዳር የምኖር ስለሆንኩ ዛሬ ከወዴት እንደነፈሰ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዴ ሳላየው ቀርቼ የፈጠርኩትንም እነግራቸዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የፈረሰ ይመለስ ብዬ አልለምንም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የምለምነው አንድ አጥር ነው። የሌላ ሰው አባት ያንን ቢጫ ንጣፍ አምኖ በሚመጣበት ቀን ሙሽራ ላይኖር ይችላል። አጥሩ ዕይታ ከጋረደ እኔ ራሴ ወርጄ፣ ሐይቁ እዚያው መኖሩን ለእንግዶችዎ አስረዳለሁ።

ከእግርዎ በታች ያለው መንገድ ሁሉ የሚያደርስ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ በተወለወለው ድንጋይ፣ በተከረከመው ሣርና በማይጎረብተኝ ጸጥታ ስም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
በውቡ ጎዳና ላይ የቀረችው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው እሁድ ከኮረብታው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ አየሁ። ለልማት ነው ብለው ነገሩኝ፤ እንኳን ደስ ያለን። ለአባቴ ገና አልነገርኳቸውም። ጽሕፈት ቤትዎ ሕዝብ ለማማከር ሲመጣ ራሱ ቢነግራቸው እመርጣለሁ፤ እጃቸውን ስለሚያወጡ በቀላሉ ያገኟቸዋል።