የእማዬ ስልሳ ፎቶዎች

ውድ ወንድሜ፣

ከዚህ ሰፈር እስከ ዋናው መንገድ እንደ እኔ ካሜራ የሚያውቅ ሰው የለም። እርግጥ ካሜራ ያለውም ሰው የለም፤ የእኔም ቢሆን ያንተው ነው። ይህን ደብዳቤ ግን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ፤ ሰው አስጻፈ እንዳትል።

«የእማዬን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ አንድም የለኝም» ብለህ ካሜራውን ስትልክ በስልክ ያስተማርከኝን አልረሳሁም። ማዞሪያውን አረንጓዴው ላይ አድርግ፤ ሌላውን አትንካ። መጫኛውን እስከ ግማሽ ጫን፤ ጢጥ ሲል ጨርሰው። ሳምንት ሙሉ የቀለም ባልዲዎቼን ፎቶ ሳነሳ ከረምኩ። ባልዲ አይንቀሳቀስም፤ «አስቀያሚ አደረግከኝ» ብሎም አያኮርፍም።

ከዚያ ጉራዬ መጣ። ፎቶ የምትይዘውን ካርድ ከካሜራው አውጥቼ ማታ ክፍል ወሰድኳት። «ይቺ ጥፍር የምታክል ነገር የሰፈሩን ሰው ሁሉ ትውጣለች!» አልኳቸው። ሲስቁልኝ ደስ ብሎኝ ደብተሬ ውስጥ ከትቻት ረሳኋት።

በማግስቱ እማዬን አልጋዋ ላይ በትራስ ደግፌ፣ ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ስልሳ ጊዜ አነሳኋት። ባነሳሁ ቁጥር ፊቷ ለአፍታ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ከሥሩ ቀይ የፈረንጅ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

እኔ የማውቀው የራሳችንን ፊደል ብቻ ነው። ግን አላውቅም ማለት ከየት መጥቶ!

«‹ጎበዝ› ነው የሚለው» አልኳት።

«እሰይ የኔ ልጅ! በዚህ ዕድሜህ አነበብክልኝ።»

በመጨረሻዋ ፎቶ ላይ ሳቀች።

በአራተኛው ቀን አረፈች፤ አንተም አልደረስክም። ከቀብር በኋላ ካሜራውን ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ከፍቶ አየውና ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ ካርድ የለውም እኮ። በቀይ ‹ካርድ የለም› እያለ ሲነግርዎት አልነበር?»

ወንድሜ፣ አንዲትም የለችም። ስትደውል «እየታጠበ ነው» የምልህ ሁሉ ባዶ ነው። ደብተሬ ውስጥ ያገኘኋት ካርድ የያዘችው አርባ ባልዲ ነው። ስንቱን ግድግዳ አሳምሬ የእናታችንን ፊት አጠፋሁ። ሌሊት ዓይኔን ጨፍኜ ልስላት እሞክራለሁ፤ አፍንጫዋ ጋ ስደርስ ይጠፋብኛል።

ደህና ሁንልኝ። ስትመጣ እንደፈለግህ ስደበኝ፤ መልስ አልሰጥም።

ሳቀች ያልኩህ ግን ውሸት ነው። በሩን እያየች፣ «ይሄን ተወውና ወንድምህ ጋ ደውልልኝ» ነው ያለችኝ። እኔም «ቆይ እማ፣ አንድ ብቻ ልጨምር» አልኳት።

ታላቅህ