አክስቴ ነው የሚባለው

ጆርጅ ታውን፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቅዳሜ ከወንበርሽ ስትነሺ ግድግዳውን ይዘሽ ነው የተነሳሽው፤ አይቼሻለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጠርሙስ የገውዝ ዘይት ልኬልሻለሁ። ጠዋትና ማታ ተቀቢው፣ ከተቀባሽ በኋላ ደግሞ ነፋስ ላይ አትቀመጪ። ባሕር ላይ ለሚኖር ሰው ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ብያለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ብቻ እየደከመ ሄዶ ክር በመርፌ የሚያስገባልኝ ባሌ ማይዲን ሆኗል። ሱቃችንም ደህና ነው። በዓል ስለተቃረበ ጥቁር የከፋይ ቆብ የሚያሰፋው ሰው በዝቶብን ሰሞኑን ቀና ያልነው ለጸሎት ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። መጀመሪያ «እርስዎ» ብዬ ጀመርኩ፤ ለሰማንያ አራት ዓመት ሴት የሚገባው እሱ ነው ብዬ። መልሼ ሳነበው ለማዘጋጃ ቤት የጻፍኩት ማመልከቻ መሰለኝ። ለእናት እርስዎ አይባልም። ስለዚህ አንቺ ብያለሁ፤ ከከፋሽ ይክፋሽ።

ቡን ሄንግ መልእክትሽን ያደረሰኝ ባለፈው ማክሰኞ ነበር። ድሮ ወደ ማዶ በሚያሻግረው ጀልባ ላይ ትኬት ሲቆርጥ ነው የማውቀው። አሁን ጡረታ ወጥቶ እንግዶችን ማታ ማታ እያዞረ ከተማ ያሳያል፤ በሳምንት አራት ቀን ሰው አስከትሎ በደጃችን ሲያልፍ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ያንቺ ጎረቤት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ሱቅ ሲገባ ቆብ ሊያሰፋ መስሎኝ መለኪያዬን አወጣሁ። «አስቀምጪው፣ እሱ አይደለም» አለና በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ከዚያ የነገርሽውን ሁሉ እንዳለ አወረደልኝ። «የወለደችሽ እናት በሕይወት አለች፤ ልታይሽ ትፈልጋለች። ግን ሰው እንዳያውቅ። በተለይ ትልቁ ልጇ ኬንግ ሁዋት እንዳያውቅ፣ ልቡን ታሞ ቀዶ ሕክምና እየጠበቀ ነው። ቅዳሜ ምሽት ከእንግዶቼ ጋር ተሰልፈሽ ነይ። በሯ ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትጠብሳለች። አይታሽ ትጠግባለች። አንቺ ግን ምንም እንዳትናገሪ ብላለች።»

ተሰጥቼ ያደግኩ ልጅ መሆኔን ዱሮም አውቀዋለሁ። መስታወት ቤታችን ውስጥ አለ። አባቴ የሕንድ ዘር ታሚል፣ ያሳደገችኝ እናቴ ታሚል፣ ወንድሞቼ ታሚል፤ እኔ ዘይቱን የምባል ቻይና። ስሜን የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ደግሞ መልሶ ይጠይቀኛል። ያሳደገችኝ እናቴ የነገረችኝ በቻይናዎች አቆጣጠር በነብር ዓመት መወለዴን፣ የነብር ዓመት ሴት ልጅ ወንድሟን ትበላለች ብሎ ኮከብ ቆጣሪ መናገሩን፣ በአርባ ቀኔ በጨርቅ ተጠቅልዬ መምጣቴን ነው። ከየት እንደመጣሁ ሳትነግረኝ ሞተች። እኔም ከሩቅ፣ ከባሕር ማዶ ነው እያልኩ ኖርኩ። ከሱቃችን ተነስቶ ባሕሩ ላይ በእንጨት ምሰሶ እስከቆመው ቤታችሁ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ሥልሳ አንድ ዓመት ሙሉ አሥር ደቂቃ ርቀሽኝ ኖርሽ። ዓሣ የምገዛበት ገበያ ያንቺም ገበያ ነው፤ ስንት ጊዜ ተጋፍተን አልፈን ይሆን?

መልእክቱን ስሰማ ደስ ያለኝ እንዳይመስልሽ። ተናደድኩ። ሌባ ነኝ ወይስ ምን አድርጌ ነው ተደብቄ የምመጣው? ማክሰኞና ረቡዕ አልሄድም ስል ከረምኩ። ሐሙስ ዕለት ማይዲን መቀሱን አስቀመጠና «እባክሽ ሂጂ፤ ካልሄድሽ ዕድሜ ልኬን የምትነዘንዢው እኔን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰዓት ማማው ሥር ተሰበሰብን። ቡን ሄንግ ለሁላችንም ደረታችን ላይ ቢጫ ወረቀት ለጠፈልን፤ እንዳንጠፋበት ነው። ተወልጄ ባረጀሁበት ከተማ እንዳልጠፋ! ስምንት ነበርን። ከአውስትራሊያ የመጣች አንዲት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት አጠገቤ ቆማ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። «ከዚህ» አልኳት። «አይ፣ ማለቴ አገርሽ የት ነው?» አለች። «ከዚያ ጥግ ሁለተኛው ሱቅ» ብላት ክንዴን መታ አድርጋ ሳቀች። ቀልደኛ መሰልኳት። ከዚያ በኋላ ምሽቱን ሙሉ ከጎኔ አልተለየችም።

ቡን ሄንግ ወጉን ያውቅበታል፣ አልክድም። የቻይናዎቹን ቤተ መቅደስ፣ የሂንዱዎቹን፣ መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን በአንድ መንገድ ላይ እያሳየ «እዚህ ከተማ አንዱ የሌላውን በር አይዘጋም፤ ሁሉም ተቻችሎ፣ ተዋዶ ይኖራል» ሲል ሰዉ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። እኔ መሃላቸው ቆሜያለሁ፤ ከቻይናዊት ተወልጄ፣ ታሚል አሳድጎኝ፣ በመስጊዱ ጥላ ያረጀሁ። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላነሳኝም።

ከዚያ በኛው ሱቅ በር መጣን። በደጃችን እንደሚያልፍ ባውቅም ለዚያ ቀን ይዘለዋል ብዬ ነበር። «ይህ በእጅ ቆብ ከሚሰፉት ጥቂት ሱቆች አንዱ ነው» ብሎ ሲጀምር ማይዲን መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየን። እኔንም አየኝ። ተስማምተን የላከኝ ሰው፣ ወረቀቱን ደረቴ ላይ ሲያይ ሁሉን ረሳና «አንቺ፣ ምን ለጥፈሽ ነው?» ብሎ ጮኸ። «ዝም በል፣ እንግዳ ነኝ» አልኩት። «እንግዳ ከሆንሽ ቆብ ግዢና ሂጂ!» አለኝ። አውስትራሊያዊቷ እዚያው ቆብ ገዛች።

ወደናንተ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ቡን ሄንግ የእንጨቱ መንገድ መግቢያ ላይ አቆመንና እንዲህ አለ፤ «ከዚህ በኋላ የምናልፈው በሰው ደጃፍ ነው፤ ድምፃችሁን ቀንሱ። ሙዝ የሚጠብሱ አንዲት አሮጊት አሉ። ስታልፉ በኛ ቋንቋ አክስቴ በሏቸው፣ ደስ ይላቸዋል።» ቃሉን ደጋግሞ አስጠናን። ስምንታችንም እንደ ተማሪ ተከትለን አልን። እኔም አልኩ።

ተራ በተራ እያለፉ በተሰባበረ አፍ «አክስቴ! አክስቴ!» ይሉሻል፤ አንቺ ራስሽን ዝቅ ታደርጊያለሽ። እኔ ሰባተኛ ነበርኩ። ቀስ ብዬ እየተጠጋሁ አየሁሽ። ግንባርሽ የኔ ነው። ስትናደጂ እንዴት እንደምትሆኚ አላውቅም፤ ግን ያን ግንባር በየቀኑ ፊቴን ስታጠብ አየዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ እንዳዘዝሽኝ አልፌ ልሄድ ነበር። ቋንቋችሁን የተማርኩት ከገበያ ነው፤ ዓሣ ስከራከርበት፣ ስሰዳደብበት ኖሬያለሁ። ያን አንድ ቃል ግን በሕይወቴ ተጠቅሜበት አላውቅም። ፊትሽ ስደርስ የወጣው እሱ ነው። «እናቴ» አልኩሽ። ያውም ጮክ ብዬ።

የያዝሽው ጭልፋ መጥበሻው ውስጥ ቀረ። ከውስጥ ቴሌቪዥኑ ዝም አለና ኬንግ ሁዋት በሸሚዝ ሳይሆን በካናቴራ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ምን አለች ሴትዮዋ?» አለ። አንቺ ደግሞ፣ እግዜር ይይልሽ፣ ዓይኔን ሳታዪ ወደ ቡን ሄንግ ዞርሽና «እንግዶችህን በደንብ አስተምራቸው እንጂ። አክስቴ ነው የሚባለው» አልሽው። ሁሉም ሳቁ። ኬንግ ሁዋትም ሳቀ። አውስትራሊያዊቷ ጀርባዬን እየደባበሰች «አይዞሽ፣ እኔም ቋንቋ አይገባኝም» አለችኝ።

ከዚያ ሙዙን አደልሽ። ለሰዉ ሁሉ ከትልቁ መጥበሻ እያወጣሽ አንድ አንድ። ለኔ ግን ከወንበርሽ ሥር የተከደነ ሳህን አወጣሽ። ወዳጄ አውስትራሊያዊቷ እጇን ወደዚያ ስትሰድ እጇን ቸብ አድርገሽ «እሱን ተይው!» አልሻት። የሳህኑን ሙዝ እንዳለ በቅጠል ጠቅልለሽ ሰጠሽኝ። ተቀበልኩሽ።

ከእንጨቱ መንገድ ስንወጣ ወረቀቱን ከደረቴ ላይ ቀድጄ ለቡን ሄንግ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «ሁለተኛ ስሟን እንዳታነሳብኝ። አንዴ ሰጠችኝ፣ ዛሬ ደግሞ በሰው ፊት መለሰችኝ» አልኩት። እንግዶቹን ትቶ ተከተለኝ። «ቆይ፣ አንድ ነገር ስሚ። አንቺን ከሰጡሽ በኋላ ኬንግ ሁዋት በሽታ ላይ ወደቀ። ያው ኮከብ ቆጣሪ፣ መናፍስቱ የማን ልጅ እንደሆነ እንዳያውቁ አክስቴ ብሎ ይጥራሽ አላት። ከሱ በኋላ የተወለዱትም እንደዚያው ተማሩ። ቤቷ ውስጥ ያ ቃል ተብሎ አያውቅም። ሦስት ልጅ አሳድጋ አንዱ እንኳ እናቴ ብሏት አያውቅም። ዛሬ ገና ሰማችው» አለኝ።

እዚያው ቆምኩ። እናቴ፣ አዘንኩልሽ፤ ሳልፈልግ አዘንኩልሽ። ልጅ ሰጥተሽ፣ በቀሩት ልጆችሽ ዘንድ ደግሞ አክስት ሆነሽ። ይህን ሁሉ ዓመት ያ ቃል እኔ ጋ ነበር ማለት ነው።

ቤት ስደርስ ሁለቱን ሙዝ በመንገድ በልቼያቸው ነበር። የቀረውን ማይዲን ፊት አስቀመጥኩለት። እሱ ደግሞ እንዲህ ባለው ነገር ጠንቃቃ ነው። «እዚያ ሰፈር የሚጠብሱት በአሳማ ስብ አይደለም እንዴ? በላሽው?» አለኝ። ደነገጥኩ። ቁጭ ብዬ ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። በአንቺ በግራ በኩል የስቡ ቆርቆሮና አሮጌው መጥበሻ። በቀኝ በኩል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ትንሽ መጥበሻ፤ እጀታው ላይ የሱቁ ወረቀት ገና አልተላጠም። ከሥሩ ገና የተከፈተ የአትክልት ዘይት፣ እኛ የምንፈልገው የሐላል ምልክት ያለበት። ለማይዲን ነገርኩት። አንድ ሙዝ አንስቶ ጎረሰ።

እንግዲህ አሁን አንቺ ስሚኝ። ኬንግ ሁዋት እኔ በጠራሁሽ ቁጥር እንዳይሞትብሽ ነው የምትፈሪው። ሥልሳ አንድ ዓመት አሥር ደቂቃ ርቄ ተቀምጬ ልቡን የበላሁት እኔ አይደለሁም። ቡን ሄንግ እንደነገረኝ በቀን ሁለት ፓኬት የሚያጨሰው እሱ ነው። ነብሩን ተይውና ሲጋራውን ቀሚው። ቀዶ ሕክምናውን ደግሞ ሐኪም ያድርገው፣ ኮከብ ቆጣሪ አይደለም። ሆስፒታል አብሮት የሚያድር ሰው ካጣችሁ እኔ አለሁ። እኔ ራሴ እነግረዋለሁ እህቱ መሆኔን፤ ይሳቅ እንደ ቅዳሜው።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ከማይዲንና ከልጄ ከሐስና ጋር። በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤትሽ ሁሉ በር ላይ ተቀምጦ መረብ በሚጠግንበት ሰዓት። ደረቴ ላይ ምንም አለጥፍም። ከእንጨቱ መንገድ ጫፍ ጀምሬ እናቴ እያልኩ እጠራሻለሁ። አክስቴ ነው የሚባለው ብትዪኝ እናቴ እላለሁ፤ ብታርሚኝ ደግሜ እላለሁ፤ እስክትሰለቺ። ማንበብ እንደማትችዪ ቡን ሄንግ ነግሮኛል። ስለዚህ ለቡን ሄንግ አደራ ያልኩት ይህን ደብዳቤ ለእንግዶቹ በሚናገርበት በዚያ ድምፁ እንዲያነብልሽ ነው። እስካሁን የሰማው ጎረቤት ካለ እሱንም እንደምን ሰነበትክ በዪልኝ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ለልጅሽም ልቡን ይጠግንለት፤ በዚህ አልቀልድም። ዓርብ ድረስ ደህና ሁኚ።

ያን መጥበሻ ደግሞ ለማንም እንዳታውሺው። ለአንድ ምሽት ብሎ አዲስ መጥበሻ የሚገዛ ሰው የለም።

ልጅሽ