በመጽሐፍሽ የበጠስሽው ገመድ

ውድ ልጄ፣

ዛሬ ጤናሽን አልጠይቅም። ደህና መሆንሽን በስልክ ስትስቂ ሰምቻለሁ። እኔም ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ተናድጃለሁ። ንዴቴን ደግሞ ለሰው አላስጽፍም። ፊደሌ ቢንጋደድም፣ የገዛ ልጄን የምቆጣው በገዛ እጄ ነው።

መጽሐፍሽ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም መሆኑን ነግረሽኛል። በምታስተምሪበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ምርቃት አለ፣ አባዬ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ ስምህን ጠርቼ አስነሳሃለሁ፣ ሰው ያጨበጭብልሃል ብለሻል። ምን አደረገ ብሎ ነው የሚያጨበጭብልኝ? የሊፍት ገመድ የተበጠሰበት መካኒክ ይኸውላችሁ ብሎ?

መጽሐፉ የደረሰኝ ቀን እንዴት እንደሆንኩ አታውቂም። ሽፋኑ ላይ የፊዚክስ መግቢያ የሚለውን ራሴ አነበብኩት። ከውስጥ «ለአባቴ» የሚል አለ፣ እሱንም አነበብኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ተውኩት። ሲያነብልኝ የኖረ ሰው ሞቶብኛል። እናትሽ ብትኖር መነጽሯን ሰክታ አንድ በአንድ ታነብልኝ ነበር። እኔ ግን በብብቴ ሸጉጬው የምኖርበትን ፎቅ ከላይ እስከ ታች ዞርኩበት። የማላውቀውን ሰው ሳይቀር ደረጃ ላይ እያስቆምኩ፣ ልጄ ናት የጻፈችው ስል ዋልኩ።

ምድር ቤት ያለውን ልብስ ሰፊ ታውቂዋለሽ፣ ምላሱ ከመቀሱ የሚሰላውን። እስቲ አምጡት ብሎ ደንበኞቹ ፊት ገለጠው። ስለ አንጻራዊነት የሚለው ምዕራፍ ላይ ሥዕል አየና ቆመ። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «አባቴ የሊፍት መካኒክ ነበር። እንበል፣ አንድ ቀን አባቴ ውስጡ እያለ የሊፍቱ ገመድ ተበጠሰ።»

ልብስ ሰፊው መጽሐፉን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ በደረጃ የምወጣው ለጤናዬ ይመስለኝ ነበር» አለ። «ለካ ነፍሴ አውቃ ኖሯል።»

ሁሉም ሳቁ። ልኩን ሊያይ በመርፌ የተያያዘ ኮት የለበሰ ሰውዬ እንኳን ሳቀብኝ። ደግ አደረገች፣ መርፌዋ ወጋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ገመዱ ተቀጠለ ወይ ነው የሚለኝ። ለብዙዎቹ ሰላምታ ማቅረብ ትቻለሁ።

ስደውልልሽ አንቺም ሳቅሽ። «አባዬ፣ እንበል እኮ ነው ያልኩት» አልሽኝ፣ ለክፍል ተማሪ እንደምታስረጂ አድርገሽ። ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት።

እንበል! በእኔ ሥራ እንበል የሚባል ነገር የለም። ገመዱ ደህና ነው እንበል ተብሎ ሰው አይጫንም። ደግሞ ሊፍት በአንድ ገመድ እንደማይንጠለጠል ታውቂያለሽ። አንዱ ቢላላ ሌሎቹ ይይዙታል፣ ሁሉም ቢከዱ ፍሬኑ ሐዲዱን ነክሶ ያቆመዋል። ትምህርት ሲዘጋ እስከ ሞተሩ ክፍል ድረስ ተከትለሽኝ ትወጪ አልነበር? ቀሚስሽ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ስንመለስ እናትሽ ሁለታችንንም በር ላይ አቁማ ስታወርድብን አልነበር? እያወቅሽ ነው የበጠስሽው። የበጠስሽውም እኔ በቀላሉ ማንበብ በማልችልበት ቦታ ነው። ፊቴ ቆመሽ ብትይኝ ኖሮ ተጨቃጭቀን እንገላገል ነበር። አንቺ ግን አሳትመሽ በተንሽው።

እልህ ያዘኝ። ማጉያ መስታወት ይዤ፣ ጣቴን ከፊደል ፊደል እያዘለልኩ ምዕራፉን ራሴ ገባሁበት። ስበት የሚለውን መጀመሪያ ሰበብ ብዬ ነው ያነበብኩት። መሬት ሁሉን ነገር በሰበብ ወደ ራሷ ትስባለች የምትይ መሰለኝና፣ ይሄስ እውነት ነው ብዬ ብዙ ተጓዝኩ። ኋላ ነው የገባኝ። በኃይል በሚበር ባቡር ውስጥ ያለ ሰዓት ከቆምነው ሰዎች ሰዓት ይዘገያል ያልሽውን ለባቡር ሠራተኞች ትቼዋለሁ፣ ከፈለጉ እነሱ ይሟገቱሽ። ብርሃንን የሚቀድም የለም ያልሽውንም ተቀብያለሁ። ልቀድመው ያሰብኩበት አገር የለም።

ከዚያ የእኔ ገጽ መጣ።

መስኮት የሌለው ሊፍት ነው ብለሻል። ገመዱ ሲበጠስ ሰውዬውም፣ ሳጥኑም፣ በእጁ የያዘው ፒንሳም እኩል ይወድቃሉ። እኩል ስለሚወድቁ ፒንሳውን ቢለቀው እዚያው ፊቱ ላይ ይንሳፈፋል። ጫማው ወለሉን አይጫነውም። ሚዛን ላይ ቢቆም ሚዛኑ ምንም አይልም። በሩ ተዘግቷልና እየወደቀ ይሁን ከከዋክብት ሁሉ ርቆ ባዶ ጠፈር ላይ ቆሞ ይሁን ሊያውቅ አይችልም አልሽ። ሥዕሉ ላይ ደግሞ ሰውዬው ይስቃል። የእኔን የመሣሪያ ቦርሳ፣ ማንገቻው በሽቦ የታሰረውን፣ ትከሻው ላይ አንግተሽለት ይስቃል።

እዚህ ጋ መጽሐፉን ዘጋሁት። ብዙ ቀንም አልከፈትኩትም። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ አሁን ስሚ።

እናትሽ ያረፈች ቀን አንቺ ለዘመድ ልትደውይ በደረጃ ቀድመሽ ወርደሻል። እኔ ከአልጋዋ ጋር የሆስፒታሉ ሊፍት ውስጥ ገባሁ። አልጋውን የሚገፋው ወጣት በሩን ዘጋ። ሊፍትን በእግሬ ነው የማውቀው፣ ይሄን እንኳን አትክጂኝም። ዓይኔን ሸፍነሽ ብታስገቢኝ ስንተኛ ፎቅ እንዳለን፣ መውጣትና መውረዳችንን፣ የፍሬኑ ሸራ ማለቁን ሳይቀር እነግርሻለሁ። ያን ቀን ግን ከእግሬ ሥር ወለል አጣሁ። አንሶላውን አየሁ፣ ግድግዳውን ያዝኩ፣ እጄም የእኔ አልነበረም። ሰውነቴ ምንም አይመዝንም።

«ልጄ» አልኩት ወጣቱን፣ «እየወጣን ነው እየወረድን?»

«አባቴ» አለኝ፣ «ገና አልተንቀሳቀስንም።»

እንግዲህ የጻፍሽው እውነት ነው። የሚያንገበግበኝም እውነት መሆኑ ነው። ውሸት ብትጽፊ ልብስ ሰፊውን ውሸት ነው ብዬ አፉን አስዘጋው ነበር። አንቺ ግን እውነቱን ጽፈሽ ሰውዬውን አሳቅሽው። እኔ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነበርኩ ልጄ። አልሳቅሁም።

ከእናንተ መካከል ማንም ያን ቀን ምን ሆንክ ብሎ አልጠየቀኝም። ጠንካራ ነው አላችሁ። ጠንካራ ነኝ፣ ግን መጠየቅ ደግ ነበር።

ትናንት መጽሐፉን እንደገና አነሳሁትና ገጹን ገለበጥኩ። ሁለተኛ ሊፍት አገኘሁ። ልብስ ሰፊው እዚህ ድረስ አልደረሰም፣ ሳቁን ካገኘ በኋላ ምን ቸገረው። ይሄኛው ሊፍት ምንም ስበት በሌለበት ጠፈር ላይ ነው ያለው። አንድ ገመድ ከላይ ይዞት ሽቅብ ይጎትተዋል፣ ያለማቋረጥ ፍጥነቱን እየጨመረ። ውስጥ ያለው ሰው እግሩ ወለሉን ይጫናል። ፒንሳው ቢያመልጠው ወለሉ ላይ ነው የሚያርፈው። ከጎን የገባ ብርሃን እንኳን ትንሽ ወደ ታች ይጎብጥበታል። ሰውዬው መሬት ላይ፣ ቤቱ ያለ ይመስለዋል፣ በሩ እስካልተከፈተ ድረስም ልዩነት የለውም አልሽ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገመዱ ከሥዕሉ አናት ወጥቶ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያልቃል። ማን እንደሚጎትተው አልጻፍሽም።

ስለዚህ ቃሌ ይሄ ነው። የመጀመሪያውን ሊፍት ተይው፣ ትምህርቱ ያለ እሱ እንደማይሆን ገብቶኛል። ግን «አባቴ» የሚለውን ከዚያ ሰርዢና «አንድ ሰው» በይ። ቦርሳዬንም ከትከሻው አውርጂ። ይሄን ካላደረግሽ አዳራሽሽ ውስጥ ስሜን እንዳትጠሪ፣ ሰው ፊት አልነሳም ብዬ ተቀምጬ አዋርድሻለሁ። ካደረግሽ እመጣለሁ፣ ሱፌን አስተኩሼ፣ ልብስ ሰፊውንም አስከትዬ።

እኔን ወደ ሁለተኛው አዛውሪኝ። ከሳጥኑ ውስጥ አይደለም። ከላይ፣ ሥዕልሽ ያለቀበት ቦታ ላይ ሰው ጎድሎሻል፣ እዚያ አቁሚኝ። ሳጥኑ ውስጥ እናትሽን አስገቢያት። እግሯ ወለሉን ይርገጥ፣ ክብደቷም ይመለስላት። በሩን ዝጊላትና ቤቷ ያለች ይምሰላት።

እኔ ገመዱን ይዣለሁ።

አባትሽ፣
የሊፍት መካኒኩ