ሐኪሙ ሥራውን ሲጠይቅ

አዳማ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለዘመናይ፣

በሰው አገር ሰላምሽ ይብዛልኝ። ስልክ የምንደዋወለው ሁሩታ እማዬ ዘንድ ስሆን ስለሆነ ይህን ልነግርሽ አልቻልኩም። ለዕረፍት የመጣችው ጓደኛሽ ጂጂ ወደ ቤይሩት ስትመለስ በእጅሽ እንድትሰጥሽ ነው የጻፍኩት። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ወንድማችንን ሐዲስን ወባ ገደለው ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። ከዚያ በፊትም ሁለታችንም ዋሽተንሻል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራነው ዶሮ እርባታ ሳይሆን ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ የአሳማ እርባታ ነው። ሁሩታ ከተሰማ ለቅሶ ቤት እንኳ እማዬ አጠገብ የሚቀመጥ አይኖርም ብለን ደበቅን። በየበዓሉ የምንወስድላትን እንቁላል ከገበያ ነበር የምንገዛው። ሐዲስ «ዶሮዎቹን አሳዩኝ ያለች ቀን ጉዳችን ፈላ» እያለ ይስቅ ነበር። ሳቁን ታውቂዋለሽ።

በነሐሴ ባለቤቱ ሌሎች አሳማዎች ገዝቶ አመጣና ለአሥር በተሠራ በረት ሃያ አምስት አጎርን። የማይተዋወቁ አሳማዎች ሲቀላቀሉ ይነካከሳሉ፤ ትከሻቸውና ጆሯቸው ተቦጫጨረ። የወለሉ ሲሚንቶ ሁሌ እርጥብ ስለሆነ ጉልበታቸው ተላጠ። በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ ቀይ፣ አራት ማዕዘን የሆነ እብጠት ሲወጣም ያው ንክሻ ነው ብለን የቁስል መድኃኒት ቀባንላቸው። ሐዲስ እየቀባ ሳለ የበረቱ ብረት ጣቱን ቆረጠው። ጣቱ አብጦ ወይን ጠጅ መሰለ። ከዚያ ትኩሳት ያዘውና ወባ ነው ተብሎ ኪኒን ሲውጥ ሰነበተ። በመጨረሻ ትንፋሽ አጠረው።

ሐኪም ቤት ሲተኛ እማዬ መጣች። ሐኪሙ ጣቱን አገላብጦ አየና «ሥራው ምንድን ነው? ከእንስሳ ጋር ይውላል?» አለኝ። እማዬ የሐዲስን እግር ይዛ ቆማለች። «ዶሮ እርባታ ነው የሚሠራው» አልኩ። በማግስቱ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ያንኑ መለስኩ። ሐዲስ ራሱን አያውቅም ነበር። በአራተኛው ቀን አረፈ።

ከቀብር መልስ ሥራ ስገባ የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ቢሊሴ መጥታ ነበር። የሐዲስን ነገር አልሰማችም። አሳማዎቹን አይታ የትከሻው ቁስል የጠብ ነው፣ የጉልበቱ የሲሚንቶው ነው አለችን። «ይሄ አራት ማዕዘኑ ግን በሽታ ነው። እጃችሁን ጠብቁ፣ በቁስል ወደ ሰው ይገባል፤ ልብ ድረስ ይሄዳል። ሐኪሙ ከአሳማ መሆኑን በጊዜ ካወቀ በፔኒሲሊን ይድናል።»

ዘመናይ፣ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ለእማዬ ልናዘዝ ቆርጬ ለአርባው ሁሩታ ሄድኩ። ሰው ሲበተን «የደበቅኩሽ ነገር አለ» አልኳት።

«የአሳማውን ነው?» አለችኝ። «ሐዲስ አምና ነግሮኛል። ይትባረክ ያፍራል፣ እንዳትነግሪው ብሎ አስምሎኝ ነው ዝም ያልኩህ። ሐኪሙ ሲጠይቅህ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በሰው ፊት እንዳላሳጣህ ብዬ ዋጥኩት። ደግ አደረግሁ አይደል፣ ልጄ?»

«ደግ አደረግሽ፣ እማዬ» አልኳት።

ዶክተሯ ያለችውን ከእኔና ከአንቺ ሌላ ማንም እንዳይሰማ። እማዬ ስለ ወባው ስታወራሽ እሺ በያት። እኔን ግን መቆጣት ካለብሽ ተቆጪኝ፣ አልቀየምሽም። እግዚአብሔር በሰው ቤት ከክፉ ይሰውርሽ፤ ለእማዬም ዕድሜ ይስጥልን።

ወንድምሽ ይትባረክ