በኪስዎ ውስጥ አለ ስላሉኝ ቁልፍ

ለተከበሩ ሴኞር ዊልፍሬዶ፣
ከትልቁ አደባባይ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ለሚገኘው ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣
ኩስኮ፣ ፔሩ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? ትንፋሽዎስ? ደረጃ ሲወጡ ደህና ይተነፍሳሉ? ሰው በደብዳቤ ሰላምታ ሲያቀርብ ስለ ቤተሰብና ስለ ሥራ እንደሚጠይቅ አላጣሁትም፤ ነገር ግን ከሆቴልዎ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ባየሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ከንፈሩ ስለሆነ፣ ከሁሉ ነገር አስቀድሜ ስለ ትንፋሽዎ በመጠየቄ እንዳይቀየሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ እታገኘሁ ሀይለገብርኤል እባላለሁ። ባለፈው ነሐሴ ከታላቅ እህቴ ከእትዬ ቦሰና ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ያረፍኩት ነኝ። ካላስታወሱኝ፣ ነጩን ሳጥንዎን በብረት የደበደብኩት ሴትዮ ነኝ።

የምጽፍልዎ እርስዎው ጠይቀውኝ ነው። ሆቴልዎ ቆይታዬ እንዴት እንደነበረና ከአምስት ኮከብ ስንቱን እንደምሰጠው የሚጠይቅ ኢሜይል አራት ጊዜ ልኮልኛል። ለመልስ የተሰጠኝ ቦታ ሁለት መስመር ስለሆነና የእኔ ነገር በሁለት መስመር ስለማያልቅ፣ እዚህ ፌርፋክስ ላይ ሮማን ሱቅ በር ላይ፣ የሚከራይ ክፍልና የሹፌር ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ይህን ደብዳቤ ለጥፌዋለሁ። የእህቴ ልጅ ትርሲት ደግሞ በስፓኒሽ አስተርጉማ ትልክልዎታለች። የእኔ ስፓኒሽ ከሥራ ጓደኞቼ የለቀምኩት የልብስ ማጠቢያ ቤት ስፓኒሽ ስለሆነ ለእርስዎ ለሚገባው አክብሮት አይበቃም።

አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁልኝ። እኔም የሆቴል ሰው ነኝ። ቶራንስ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልጋ አንጥፌአለሁ። በእንግድነት ሳድር ግን የእርስዎ ሆቴል የመጀመሪያዬ ነው። በማግስቱ ጠዋት ተነሥቼ የራሴንም የእህቴንም አልጋ አንጥፌ፣ መታጠቢያ ቤቱን ወልውዬ፣ ፎጣውን በሦስት አጥፌ ስጨርስ ነው እንግዳ መሆኔ ትዝ ያለኝ። እትዬ ቦሰና ቲፕ ልተውልሽ ወይ ብላ እስክታስል ሳቀችብኝ። ያን ሳል ያኔ ከሳቅ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሶ፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሊፍትዎ። በሩ ላይ በሦስት ቋንቋ ለጊዜው አይሠራም የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። ሦስት ቋንቋ ድረስ ስለደከሙ አመሰግናለሁ፤ በአንድ ቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሌሎቹ ሁለቱ ይሠራል ብዬ መጥሪያውን ስጫን እውል ነበር። የስልሳ ስድስት ዓመት እህቴን ይዤ ሳለ አራተኛ ፎቅ ላይ የመደቡን እይታው ጥሩ ስለሆነ ነው ተብለናል። እውነት ነው፣ እይታው ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ማሞቂያው። ማሞቂያው ግድግዳው ላይ አለ፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ሙቀት ግን ስላልነበረው ካፖርቴን ሌሊትም ቀንም ከላዬ አላወረድኩትም። ይህን ካፖርት ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ ስለ ትራሱ ልጽፍ ነበር። ይቅር። ዋናው ነገር እየጠበቀኝ ትራስ ላይ ምን አቆመኝ።

አራተኛ፣ ስለ ኦክሲጅኑ።

እትዬ ቦሰና ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ትሠራ በነበረበት ጊዜ፣ አንዲት የአገርዎ ሴት ትታላት የሄደችው የኩስኮ ሥዕል ያለበት ካላንደር ነበራት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ ዳስ ውስጥ ያንኑ አንድ ገጽ ስታይ ኖረች። ጡረታ ስትወጣ ልጇ ትርሲት ሂጂና በዓይንሽ እይው ብላ ቲኬቱን ገዛችልን። ሆቴልዎን መርጣ ቡክ ያደረገችው ደግሞ በድረ ገጽዎ ላይ፣ ኦክሲጅን ሃያ አራት ሰዓት አለ የሚል ስላነበበች ነው። ስንደርስም እውነት ነበር፤ ሪሴፕሽኑ አጠገብ አረንጓዴ መስቀል የተሳለበት ነጭ የብረት ሳጥን ቆሟል።

አሁን የራሳችንን ጥፋት ልናገር፤ ብዘለው እትዬ ቦሰና ራሷ ትታዘበኛለች። ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራው ማሪቤል፣ እግዜር ይስጣት፣ ከተማው በጣም ከፍታ ላይ መሆኑን ነግራን፣ የመጀመሪያውን ቀን እንድናርፍና ውሃ በብዛት እንድንጠጣ መክራን፣ ትኩስ የኮካ ቅጠል ሻይም አቅርባልን ነበር። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ፣ እኛ የደብረ ብርሃን ልጆች ነን፣ ከፍታና ብርድ አብሮ አደጋችን ነው፣ ይህን ከባሕር ጠረፍ ለሚመጡት ንገሪ አልኳት። ለካስ ከባሕር ጠረፍ የመጣነው እኛው ነን። ሃያ ሰባት ዓመት ሎስ አንጀለስ ስንኖር ሳንባችን እኛን ሳያማክር ዜግነቱን ቀይሯል። እትዬ ቦሰና ደግሞ ሻዩን የጫት ዘመድ ነው፣ ኤርፖርት ላይ ውሻ ያሸተኛል ብላ አልነካችውም። ያም ሆኖ ፍልሰታ ነበር። የንስሐ አባታችን መንገደኞች ናችሁና ውሃ አትከልከሉ ብለውን ነበር፤ እኔ ጠጣሁ፣ እሷ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ አልቀምስም አለች። ይህ ሁሉ በእርስዎ አይመካኝም። የእርስዎ ከዚህ በኋላ ይጀምራል።

በሁለተኛው ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ልንወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ሞልታ ገብታለች። እትዬ ቦሰና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ፣

«እታገኝ፣ መብራቱን ለምን ታጠፊዋለሽ?» አለችኝ።

የበራ መብራት አልነበረም። ቀና ብዬ ሳያት ከንፈሯ ጠቁሮ ወደ ሰማያዊ ሄዷል፤ ጥፍሮቿም እንደዚያው። ደረቷ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ግን ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ያለ አይመስልም። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ እኔን ግን አታየኝም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ፍርሃትን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። የኬንያን ድንበር በእግሬ ነው የተሻገርኩት። ያን ጊዜ ግን እጄን ይዛኝ የነበረችው እትዬ ቦሰና ስለሆነች፣ መፍራቱን ለእሷ ትቼላት እኔ መራመድ ብቻ ነበር ሥራዬ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሁ ነው የኖርኩት። ሆቴልዎ ውስጥ ግን ፍርሃቴን የምተውለት ሰው አልነበረም።

የክፍሉን ስልክ ባነሣው መስመር የለውም። ትራሶቹን ሁሉ ከጀርባዋ ደርድሬ ወደ ታች ሮጥኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ የእኔም ትንፋሽ ተቆረጠና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ እዚህ ብቀር፣ እላይ ሰው እንዳለ ማን ይናገርላታል? ይህን ሳስብ እግሬ አልታዘዝ ስላለኝ የቀረውን ደረጃ በመቀመጫዬ እየተንሸራተትኩ ወረድኩት።

ማሪቤል ካጎነበሰችበት መዝገብ ቀና ብላ ስታየኝ ጥያቄ አላበዛችም፤ ወደ ሳጥኑ ሮጠች። ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው። እርስዎ ደግሞ ጸጉርዎን ሊስተካከሉ ወጥተዋል። ራስ ምታት የያዘው እንግዳ ሁሉ እየከፈተ ኦክሲጅኑን እንዳያባክን ቁልፉን ከራስዎ እንደማይለዩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። በእርግጥም በዚያ ረፋድ ኦክሲጅንዎ አልባከነም።

እኛ ሆቴል የአደጋ ጊዜ ሳጥኑ ቁልፍ ልብስ ማጠቢያው በር አጠገብ ምስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው። አጭሯም ረጅሟም፣ ትናንት የተቀጠረችውም ትደርስበታለች። ይህን ለማሪቤል ነገርኳት መሰለኝ፤ ምን እንደለፈለፍኩ በደንብ አላስታውስም።

ማሪቤል ስልክ ደወለችልዎ፤ መጣሁ አሉ። መንገዱ ግን በሰልፈኛ ተዘግቶ ነበር። የበሩን መወርወሪያ ብረት አንሥታ ሳጥኑ ፊት ቆመች፤ ከፍ አደረገችው፤ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«ሴኞራ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ» አለችኝ።

አልተቀየምኳትም። የሰው ንብረት ከመስበር በፊት ለሥራ መፍራት ምን እንደሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ። ብረቱን ተቀበልኳትና እሷን ውሃና ሻይ ይዛ ወደ እህቴ እንድትወጣ ላክኋት። እኔ ሳጥኑን ሦስት ጊዜ መታሁት። ጎደጎደ እንጂ አልተከፈተም። አራተኛውን ለመምታት ክንዴ እምቢ አለኝ።

ከሪሴፕሽኑ በላይ የኩስኮን፣ የኒው ዮርክን፣ የፓሪስንና የቶኪዮን ጊዜ የሚያሳዩ አራት ሰዓቶች ተሰቅለዋል። በአራቱም ከተሞች ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ቆጠርኩ። ከላይ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ማሪቤል ልትነግረኝ እየወረደች ነው ብዬ ጆሮዬን በሁለት እጄ እደፍን ነበር።

እውነቱን ለመናገር እርስዎም ሮጠው ነው የመጡት። ግማሽ ጸጉርዎ ተቆርጦ፣ የጸጉር አስተካካዩ ጨርቅ አንገትዎ ላይ እንደታሰረ ነበር። ቁልፉ ቀዳዳውን ሲስትብዎ ከእጅዎ ተቀብዬ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሲሊንደሩን እርስዎ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን አራት ፎቅ አወጣነው። ጭምብሉ አፍንጫዋ ላይ ከተደረገ በኋላ ከንፈሯ ቀለሙን እስኪመልስ ድረስ ዓይኔን አላርገበገብኩም። መናገር ስትችል መጀመሪያ የጠየቀችው ይህ ነገር ጾም ያስፈታል ወይ ብላ ነው። ማሪቤል የጠራችው ሐኪም መጥቶ በዚያው ዕለት ወደ ዝቅተኛው ሸለቆ በመኪና እንድንወርድ አደረገ። ዛሬ እትዬ ቦሰና ኖርዝ ሆሊውድ ቤቷ በሰላም አለች። በስልክ ስናወራ ወሬዋን ሳይሆን ትንፋሿን እንደምቆጥር ስለደረሰችብኝ ትስቅብኛለች።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ሦስት ኮከብ ሰጥቼዎ በተውኩ ነበር።

ወደ ካፖርቱ ልመለስ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ እንዲህ ያለ ካፖርት የሚለብስ ስለሌለ ሁለት ወር ተንጠልጥሎ ከረመ። ባለፈው ማክሰኞ ላውንደሪ ልወስደው ኪሱን ስፈትሽ አንድ ትንሽ ቁልፍ እጄ ገባ። መጀመሪያ የማን እንደሆነ አላወቅኩም። ሳውቅ ግን ኮሪያታውን ያለው ክፍሌ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። በዚያች ሰዓት አንዷ አራተኛ ፎቅ ላይ መብራቱን ለምን አጠፋችሁት እያለች ቢሆንስ? ሌላዋ በመቀመጫዋ ደረጃውን እየወረደች ቢሆንስ?

ወዲያው ደወልኩ። መጀመሪያ ያነሣው ሰው ሁሉ ነገር ደህና ነው ብሎ ዘጋው። ማሪቤልን ብጠይቅ ዕረፍት ላይ ናት ተባልኩ። በሦስተኛው እርስዎ ራስዎ አነሡልኝ። የኦክሲጅኑ ሳጥን ቁልፍ የት እንዳለ በአክብሮት ጠየቅኩዎ።

«በቦታው ነው፣ ሴኞራ። ኪሴ ውስጥ ነው» አሉኝ።

ቁልፉ ግራ እጄ ውስጥ ነበር። ይህንኑ ነገርኩዎ። ኪስዎን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲፈትሹ ለመንኩዎ። ስብሰባ እንዳለብዎ ገልጸው፣ መልካም ቀን ተመኝተውልኝ ስልኩን ዘጉት። በማግስቱ ጠዋት አራተኛው ኢሜይል ደረሰኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሁለት ወር ሙሉ ያን ሳጥን የከፈተ ሰው የለም፤ ሊከፈት እንደማይችልም ያወቀ የለም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ይህን እንዳነበቡ ቁልፉን ሳይጠብቁ ሳጥኑን ይስበሩት። የጎደጎደውን ቦታ ተከትለው ይምቱ፤ እኔ ጀምሬልዎታለሁ። እርስዎ ከሌሉም ማሪቤል ወይም ሌላ ማንም ቢሰብረው ከሥራው እንደማይባረር በፊርማዎ ጽፈው ሳጥኑ ላይ ይለጥፉ። ከፈለጉ በሦስት ቋንቋ ያድርጉት፤ በዚህ የሚታሙ አይደሉም።

ስለ ጥሩው እይታ፣ በዓይን ስለሚያሞቀው ማሞቂያ፣ ስላልባከነው ኦክሲጅን፣ እንዲሁም ጸጉርዎን ሳያስጨርሱ ስለመጡልኝ ከልቤ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜና ሙሉ ትንፋሽ እንዲሰጥዎ፣ የጸጉር ቤት ቀጠሮዎን ሁሉ በሰላም እንዲያስፈጽምዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ዛሬም ደረጃ የሚያስፈራት የቀድሞ እንግዳዎ፣
እታገኘሁ ሀይለገብርኤል
ከሎስ አንጀለስ

ማስታወሻ፦ ቁልፉን ረቡዕ ዕለት በፈጣን መልእክት ልኬዋለሁ፤ በአምስት ቀን ይደርሳል ብለውኛል። የኪስዎን ልማድ ስለማውቅ የላክሁት በእርስዎ ስም ሳይሆን በማሪቤል ስም ነው። ከቁልፉ ጋር ከሮማን ሱቅ የገዛሁትን አንድ ምስማር ጨምሬበታለሁ። የት እንደሚመታ ማሪቤል ታውቃለች።